የጁምዓ ድንጋዮች

ፈትሂያ የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ከፋብሪካ ወደ ሰፈሯ ስትወጣ፣ በደሴ በኩል ያለው ሰማይ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ግን ገና ጠብታ አልወረደም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ዝናቡ ከላይ ተራራው ላይ ይጥልና ጎርፉ ደረቅ ሰፈር ላይ ሳይታሰብ ይደርሳል። እርምጃዋን አፈጠነች።

ፈትሂያ የኩታበር ገበሬ ልጅ ናት። ልጅ ሳለች ቦረቦር የአባቷን የባቄላ ማሳ ከዳር ጀምሮ ሲበላው አይታለች። ኮምቦልቻ መጥታ ፋብሪካ ከገባች በኋላም፣ የሰፈሩ በጎ ፈቃድ ክበብ ሲቋቋም ቀድመው ከተመዘገቡት አንዷ እሷ ነበረች። አሁን ደግሞ የሰፈሩ ቦረቦር ወደ ጎረቤቷ ወደ ራቢያ ቤት ተጠግቷል። ራቢያ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከዚያች ቤት ሌላ መጠጊያ የላትም።

ለዚህ ነው ክበቡ ክትር የሠራው። ክትር ቦረቦሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ የድንጋይ ካብ ነው። ውሃውን ለማስቆም አይደለም፤ ለማብረድ ነው። ጎርፍ ፍጥነቱ ሲበርድ የተሸከመውን አፈር ከካቡ ጀርባ ያራግፋል፤ ቦረቦሩም ሊበላው በመጣው ጎርፍ አፈር ተመልሶ ይሞላል። እንዴት ያለ ድንቅ ነገር ነው! ምስጢሩ ታዲያ መሐሉ ላይ ነው። መሐሉ ከሁለቱ ክንፎች ዝቅ ማለት አለበት፤ የውሃው በር እሱ ነው። በሩ ከተዘጋ ውሃው ወደ ጎን ዞሮ ዳሩን ይቆፍራል። በአንዱ ዳር ደግሞ የራቢያ ቤት አለ።

ፈትሂያ ከአፋፉ ደርሳ ቁልቁል አየች። በሩ ተደፍኗል።

የሰፈሩ አዛውንት ሼህ ሙዓዊያ ያን ዝቅ ያለ ቦታ ሲያዩት ሥራው ያላለቀ መስሏቸው፣ ከጁምዓ የተመለሰውን ሰጋጅ ሁሉ ድንጋይ አሸክመው አምጥተውታል። ሁሉም ለአጅር፣ ከአላህ ለሚገኝ ምንዳ፣ ብሎ ድንጋዩን መሐሉ ላይ አስቀምጦ፣ ዱዓ አድርጎ ተበትኗል።

«እንዴት ነው፣ አላማረም?» አሏት ሼሁ፣ ከካቡ ሥር ቆመው።

«አባዬ፣ ይሄ አሁኑኑ መነሳት አለበት። ውሃው መውጫ ካጣ በራቢያ ቤት ነው የሚዞረው።»

«አንች ልጅ! የስንቱን ሰው አጅር ነው የምታፈርሽው? ለመሆኑ አጥር ስታጥሪ መሐሉን ክፍት ትተይዋለሽ?»

«በር ካልተውኩማ በምን እገባለሁ?»

ራቢያ ከደጃፏ ሆና ሳቋ አመለጣት። ሼሁ ግን አልሳቁም። ፈትሂያ ካቡ ላይ ወጥታ የመጀመሪያውን ድንጋይ ስታነሳ፣ «ወላሂ እቀየምሻለሁ!» አሉ።

ድንጋዩን እንደታቀፈች ቆመች። ሼሁ ከተቀየሙ ሰፈርተኛው ዳግመኛ ለክበቡ ድንጋይ አይሸከምም። ዝም ካለች ደግሞ ቤቱ ይሄዳል። ከላይ ነጎድጓድ ተሰማ።

«አባዬ፣ ድንጋዮቹን አልጥላቸውም» አለች። «ውሃው ከበሩ ዘሎ የሚወድቅበት፣ እርስዎ የቆሙበት ቦታ፣ ባዶ አፈር ነው። ድንጋይ አጥሮን ነው እንጂ መነጠፍ ነበረበት። ካልተነጠፈ የካቡ እግር ተቆፍሮ ሁሉም ይናዳል። የሰው አጅር እዚያ ይዋል።»

ሼሁ እግራቸው ሥር ያለውን አፈር በከዘራቸው ወጋ ወጋ አደረጉት። ከዘራው እንደ ቅቤ ሰርጎ ገባ። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «በይ አቀብይኝ» አሉ።

ራቢያም ከደጃፏ ወረደች። ፈትሂያ ታነሳለች፣ ራቢያ ታቀብላለች፣ ሼሁ ያነጥፋሉ። በሩ ላይ ገና አንድ ረድፍ ሲቀር፣ ከላይ በኩል፣ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና የመሰለ ጉርምርምታ መጣ።

«ውጡ! ውጡ!» አለች ፈትሂያ፣ ከካቡ ወደ ዳር እየዘለለች።

ራቢያ ሼሁን በክንዳቸው ጎትታ አወጣቻቸው። ጎርፉ ቅርንጫፉንና የተሰባበረ ጀሪካኑን እያንከባለለ ደርሶ ከካቡ ጋር ተላተመ፤ ፍንጣቂው ሦስቱንም አራሳቸው። ከዚያ ከካቡ ጀርባ ሞላ። ወደ ራቢያ ቤት ያለውን ክንፍ ነካ፤ አንድ ጓል አፈር ተገምሶ ወደቀ፤ ከአጥሯም ሁለት እንጨት ይዞ ወረደ።

«ያ ረቢ!» አለች ራቢያ።

ውሃው ሌላ ጓል ሊገምስ ሲል ያቺ የቀረችው ረድፍ ተንዳ ሄደች። ጎርፉ በበሩ ሾልኮ በተነጠፈው ድንጋይ ላይ እያገሳ ተከሰከሰ። ዳር ላይ የወጣው ውሃ ቀስ በቀስ ጎደለ።

ራቢያ ሮጣ በቤቷ ዙሪያ ዞረች፤ ግድግዳውን በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው።

«ደረቅ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ደረቅ ከሆነማ ግቢና ሻይ ጣጂልን» አሉ ሼሁ፣ ሽርጣቸውን እየጨመቁ። «የረጠብነው እኛ ነን።»