አዲሱ ፕሮሰሰርና የአባቴ ተረብ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠና ያሉ መምህር አሮጌ ኮምፒውተራቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ወደ መጠገኛ ሱቄ ይዘው መጡ። «ፕሮሰሰሩን ቀይሪልኝና ትንሽ ይፍጠንልኝ» አሉ። ክዳኑን ስከፍት ከአቧራው ሥር ሁሉ ነገር የሚሰካበት የድሮ ማዘርቦርድ ብቅ አለ፤ ጥቋቁር ጃምፐሮቹ እንደ ተደረደሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ቦርድ ካየሁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። አንዱ እንዲያውም ሊድረኝ ምንም አልቀረው ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ያልመጣልኝ ዓመት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ሴት የጽሕፈት ሱቅ ነበራቸው፤ እዚያ በጸሐፊነት ተቀጠርሁ። አባቴ ደብረ ወርቅ አጠገብ ቅኔ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። ከተማ መቀመጤን አልወደዱትም። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ዲያቆን መቀሰስ ፈልጓል፤ ዲያቆን ደግሞ ሳያገባ ቅስና አይቀበልም። አባቴ እኔን አሰቡ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ እኔ ግን የማንም የቅስና ማሟያ መሆን አልፈለግሁም። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ቃል ተገባባን፦ ሥራ እስካለኝ ድረስ ማርቆስ እቀመጣለሁ፤ ከሥራ የወጣሁ ቀን ግን እንቢ ሳልል ወደ ቤት ገብቼ እዳራለሁ። በእመቤታችን ስም ማልሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሰው በምንም ይምላል።

የእትዬ ዘውዴ ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ 133 ሜጋኸርዝ። የአማርኛ ጽሑፍ እስኪከፍት ድንች ተቀቅሎ ይበላል። ያለ ማጋነን፤ በዚያ ብርድ ድንች በአዋዜ እየበላን ነበር የምንጠብቀው። እኔ ደግሞ ካንድ አሮጌ መጽሐፍ የኮምፒውተር አንጎሉ የሆነው ፕሮሰሰር እንደሚቀየር አነበብሁና አፌን ከፈትሁ። «ባለሙያ ምን ያደርጋል? እኔው እቀይረዋለሁ» አልሁ። እትዬ ዘውዴ በአንድ ሹፌር እጅ ከአዲስ አበባ 233 የሚባለውን አስመጡ። ሲሰጡኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «አንቺ ስመኝ፣ ይህን ሣጥን ከገደልሽው አብረሽው ትወጫለሽ» አሉኝ።

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እርስ በርሳችን አንሰማማም። ሣጥኑን ስከፍተው አቧራው አላስቻለኝም፤ ጥጥ በአረቄ ነክሬ ቦርዱን ጥርግ አደረግሁት። ጃምፐሮቹንም አንድ በአንድ ነቀልኋቸው። ጃምፐር የስንዴ ፍሬ የምታህል ክዳን ናት፤ ሁለት ቀጫጭን እሾሆችን ታገናኛለች። ለፕሮሰሰሩ ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጠው፣ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ ለቦርዱ የምትነግረው እሷ ናት። እኔ ያን ጊዜ ይህን መች አውቄ! አጽድቼ ሳበቃ አንዲት ነገር ሳልጽፍ ሁሉንም በየቦታቸው መለስኋቸው። የየኔታ ልጅ ነኛ። እኛ ቤት በቃል መያዝ ያቃተው ነው የሚጽፈው።

አዲሱን ፕሮሰሰር አስገብቼ ሳበራው ስክሪኑ ላይ 133 የሚል ወጣ። ያው 133! አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ደርቆ ቀረ። ፕሮሰሰሩን ብነካው ጣቴን ለበለበኝ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ? አስክረሽ ገደልሽው እንዴ?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

ሁለት ቀን ሙሉ አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ነቀልሁ፣ ተከልሁ። ያው 133፣ ያው እሳት። ሻጩ አታለለን ብዬ ማልሁ። ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን ዲያቆኑ ቀስሶ ነጭ ጥምጥም አድርጎ ይታየኛል። እትዬ ዘውዴ «እስከ ሐሙስ ቀትር» ብለው ቆረጡልኝ።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ደረሱ። ወሬው እኛ አገር ቁይ ገበያ ድረስ ሄዶ ኖሯል። በዚያ ጭቃ መንገዱን ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በመኪና መጥተው እስከ ጉልበታቸው ርሰዋል። እትዬ ዘውዴ ብድግ ብለው ወንበር ሰጧቸው።

«ሞተ አሉ?» አሉኝ አባቴ ወደ ሣጥኑ እያዩ።

«አልሞተም፤ ታሟል።»

«እንግዲያው ጓዝሽን ሸክፊ።»

«እስከ ቀትር ጊዜ አለኝ፣ አባባ።»

«እስቲ ምን አደረግሽለት?»

ተስፋ ሲቆርጡ ጉራ አይቀርም። ቢያንስ በዚህ እንኳ ይኩሩብኝ ብዬ፣ «አዲሱን ከመትከሌ በፊት እነዚህን ሁሉ ነቅዬ፣ አንዷን ሳልስት በፊት እንደ ነበሩ መለስኋቸው። አንድም አልጻፍሁ!» አልኋቸው።

ከት ብለው ሳቁ። «እንግዳው አዲስ፣ አንቺ ያው የአምናውን! አምና የተዘረፈ ቅኔ ይዞ ዘንድሮ በዓል ላይ የሚቆም ተማሪ አይቼ አላውቅም። እኔ ጉባኤ ቢሆን በአለንጋ ነበር የማስወጣሽ።»

እትዬ ዘውዴም አብረው ሳቁ። ፊቴ ነደደ። እኛ አገር የተባለ ቅኔ መድገም ሌብነት ነው፤ ለየበዓሉ አዲስ ተፈጥሮ ይዘረፋል። ይህን ከጡት ጋር ጠብቼው አድጌያለሁ። መልስ ልሰጥ የራሴኑ ቃል ደገምሁት። በፊት እንደ ነበሩ። በፊት የነበረው እኮ ሌላ ፕሮሰሰር ነው!

ቦርዱ ላይ የተጋደመውን ሰፊ ገመድ ገለጥ አደረግሁት። ከሥሩ ቦርዱ ላይ የጤፍ ፍሬ በሚያካክሉ ፊደላት ሠንጠረዥ ታትሟል፤ ለየትኛው ፕሮሰሰር የትኛዋ ጃምፐር የት እንደምትገባ። በአረቄ ጥርግ አድርጌው አንድ ጊዜ እንኳ አላነበብሁትም። አሮጌው 3.3 ቮልት ነበር፤ አዲሱ 2.8 ይፈልጋል። ፍጥነቱም የራሱ መስመር አለው። የአራት ጃምፐሮችን ቦታ ቀየርሁና አበራሁ።

233።

ጣቴን አስጠጋሁ፤ ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ አልደረቀም። እትዬ ዘውዴ የተከመረውን ወረቀት ፊቴ ላይ ዘረገፉትና «በይ ጻፊ፣ ሰው ይጠብቃል» አሉኝ።

አባቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ራሴ አገኘሁት።»

«እህ» አሉ። «ቃል ቃል ነው» ብለው ጃንጥላቸውን አንሥተው ወደ ዝናቡ ወጡ። ምሳ እንኳ አልበሉም። ዲያቆኑ ለጥምቀት ሌላ አገባ፤ ያን ነገር አባቴ ዳግመኛ በአፋቸው አላነሡትም።

የመምህሩን ቦርድ ሠንጠረዡን አንብቤ በሩብ ሰዓት አስተካከልሁት። ሥራው እንዲህ ቀላል ነው። የሚከብደኝ ሌላው ነው። ያቺ ተረባቸው እዚህ እንደምታስቀረኝ ቢያውቁ ኖሮ ዝም ይሉ ነበር ወይ እላለሁ። አይመስለኝም፤ ተማሪ ሲሳሳት አይተው አፋቸውን የሚይዙ ሰው አልነበሩም። ለእኔ ቃላቸውን ጠብቀው ባዶ እጃቸውን በጭቃ ተመለሱ፤ እኔ ተረባቸውን ነጥቄ «ራሴ አገኘሁት» አልሁ። ካረፉ አራት ዓመታቸው ነው። «እርስዎ ነዎት የነገሩኝ» ብላቸው ምን እሆን ነበር?