ዶሮዋን ላለመብሳት

ይሄ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ጌጃ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ነው። ለማንም በሥርዓት ተናግሬው አላውቅም። ግን ድራሙ ጋ በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

ታላቅ ወንድሜ ኤብሳ የመዘምራኑ ድራመር ነበር። ታሞ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ከእሱ በኋላ የምመታው እኔ ነኝ። በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም ፊት ላይ ኤብሳ በቀለም ርግብ ስሏል። ርግብ የሚላት እሱ ብቻ ነበር፤ እኛ ዶሮዋ ነው የምንላት። "ቆይ ብቻ፣ አንድ ቀን ትበራለች" እያለ ይስቅ ነበር። እማዬ እሁድ እሁድ ዶሮዋ ከምትታይበት ወንበር ሌላ አትቀመጥም።

የዚያን ቀን ኤብሳ የደረሰውን መዝሙር ልንቀዳ ነበር። ቀረጻውን የሚሠራልን ሚልኪ ማይኩን ከድራሙ ፊት ሲያቆመው ባዶ በርሜል ሲደለቅ የሚሰማ ዓይነት ጉምጉምታ ብቻ ተሰማ። የፊቱን ቆዳ ፈትቶ ሲያነሳው ደግሞ ካርቶን የሚደበደብ መሰለ። መልሶ ወጠረው። ቆዳው ተበስቶ ማይኩ ወደ ውስጥ ካልገባ ድምፁ እንደማይስተካከል ነገረን። ለመብሳት ግን የዶሮዋን ክንፍ መቁረጥ ግድ ነው፤ ቆዳውን የሞላችው እሷ ናት።

ሁሉም ሻይ ይዛልን የመጣችውን እማዬን አየ።

"ብሱት" አለች። "እሱም ቢኖር ይበሳው ነበር።" ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሚልኪ ምላጭ አወጣ። እጄ ዶሮዋ ላይ እንደነበር ያወቅኩት "እጅሽን አንሺ እንጂ" ሲለኝ ነው። ትንሽ ታገሰኝ አልኩት። ኤብሳ ድምፁ አልጥም ሲለው እኔን አስመትቶ፣ መሬት ለመሬት እየዳኸ ጆሮውን ድራሙ ዙሪያ ያዞር ነበር። ሁሌ እስቅበት ነበር። አሁን ሚልኪን ፔዳሉን አስረግጬ እኔ ተንበረከክኩ። ከመዘምራኑ አንዷ ጓደኛዬ "ጀለሴ፣ ወለሉን በቀሚስሽ ልትወለውዪው ነው?" አለችኝ። እየዳህኩ ድራሙን ዞርኩት።

በመቺው በኩል፣ የፔዳሉ መዶሻ ቆዳውን የሚነካበት ቦታ አጠገብ ስደርስ ቆምኩ። ምቱ እዚያ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ ደረት ድረስ የሚገባ። ማይኩን እዚያ አስቀምጠን ቀዳን። ዶሮዋ ተረፈች።

ግን ማይኩ ለፔዳሉ ስለቀረበ ሌላም ነገር ያዘ። መዝሙሩ ጸጥ የሚልበት ቦታ ላይ የፔዳሉ ሲጢጥታ ይሰማል። ሚልኪ በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ ብሎ ያንን ቦታ በስፒከር ከፈተው።

ሲጢጥታውን ስትሰማ እማዬ ወደ እኛ ዞረች።

"አትንካው ልጄ። የኤብሳ እግር ነው።"

የምንኖርበት ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ድራም ተመትቶ ከጎረቤት ጋር መኖር አይቻልም። ስለዚህ ኤብሳ ፔዳሉን ብቻ ቤት እያመጣ ትራስ ላይ ይለማመድ ነበር። እማዬ ከሥራ ደክማ ስትገባ ልጇ ቤት መሆኑን የምታውቀው በዚያ ሲጢጥታ ነው። እኔ አንድ ክፍል ውስጥ አብሬው እያደግኩ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም።

ሚልኪ ምንም ሳይነካ ኮምፒውተሩን ዘጋ።

መዝሙሩ እንዳለ ወጣ። ማይኩም ከዚያ ቦታ ተነስቶ አያውቅም። ስለ ኤብሳ ሳስብ አሁንም ይከፋኛል፤ ይሄንን ሳስብ ግን ደስ ይለኛል። እሁድ እሁድ ጸጥ ያለው ቦታ ጋ ስንደርስ እማዬ ዶሮዋን ማየት ትታ ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔም ፔዳሉን ዘይት ሳልቀባ፣ ቀስ ብዬ እረግጥላታለሁ።