ደህናዋ ሰዓት የማን ናት?

ጠዋት ስነቃ ጀርባዬ ከእኔ ቀድሞ ነቅቶ ይጠብቀኛል። ከአንገቴ እስከ ዳሌዬ ያለው ሁሉ ደርቆ ስለሚያድር ካልሲ ማድረግ ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ሐኪሙ የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ነው ብሎኛል፤ የአገሬ ሰዎች ደግሞ ሪህ ነው ብለው ነጭ ሽንኩርትና ጸበል አዘውልኛል። ስሙ ምንም ይሁን፣ ሕመሙ ብቻውን አይመጣም። ድካም ይዞ ይመጣል፤ ያውም እንቅልፍ የማያቃልለው ድካም። ተኝቼ ስነሣ ሌሊቱን ሙሉ ጆንያ ስሸከም ያደርኩ ይመስለኛል።

ረፋድ ላይ ግን፣ መድኃኒቱ ያዝ ሲያደርገኝና ሙቅ ውኃ ሰውነቴን ሲያፍታታው፣ አንድ ደህና ሰዓት አለችኝ። አንዳንድ ቀን ትረዝማለች፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ትቀራለች። ካለቀች በኋላ ልጨምርባት ብዬ ከታገልኩ በማግስቱ ከአልጋ አልወርድም። ስለዚህ ከአንድ ነገር በላይ አትችልም፤ እኔ ደግሞ ያን አንድ ነገር ሥዕል አደረግሁት።

ጀርባዬ እስኪከለክለኝ ድረስ ታክሲ እየነዳሁ ከኤርፖርት ሰው ሳመላልስ ነበር የኖርኩት። ያኔ ሥዕል የእረፍት ቀን ነገር ነበር። አሁን ብዙ መቀመጥ ስለማልችል ቆሜ ነው የምስለው፤ ኒው ሆፕ በምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ ባለው አፓርታማችን ደግሞ ለቁመቴ የሚመች ቦታ የወጥ ቤቱ ባንኮኒ ብቻ ነው። ሸራውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ቀለሞቼን ከሲንኩ አጠገብ ደርድሬ እሠራለሁ። ሲንኩ ውስጥ የትናንት ሳህን አለ። ሳህን ማጠቡም ሥዕሉም የሚሠሩት ቆሞ ነው፤ በዚያችው ሰዓት፣ በዚያው ጀርባ። እኔ ፊቴን ወደ ሸራው አዙሬ እቆማለሁ።

ባለቤቴ ሳይነጋ ወጥታ፣ ያን ሁሉ መንገድ በበረዶ ላይ እየነዳች፣ ከከተማው ማዶ ዉድበሪ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሄዳለች። ሽማግሌና አሮጊት ስታነሣ፣ ስታገላብጥ፣ ስታጥብ ትውላለች። ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ትቀመጥና እዚያው ሸለብ ያደርጋታል። ከጫማዋ ሥር የቀለጠው በረዶ ምንጣፉ ላይ ይፈሳል። ክረምቱን ሙሉ የሳልኩት ይህንን ነው፤ ከነኮቷ የተኛችውን እሷን።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ሸራውን ከቁም ሳጥኑ ኋላ እደብቀው ነበር። አንድ ቀን ግን አቅም አጥቼ ባንኮኒው ላይ እንደቆመ ትቼው ገብቼ ተኛሁ። ከወጥ ቤት ስትጠራኝ ድምጿ የረጋ ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ።»

ብዙ አየችው። ከዚያ ሲንኩን አየች።

«ድካሜን ከምትስለው ብታቀልልኝ አይሻልም?»

ተናድጄአለሁ፤ አፍሬአለሁም። ስለ ደህናዋ ሰዓት ላስረዳት ሞከርኩ፤ ሰዓቷ ሁለቱን አትችልም አልኳት። «እሺ አትችልም። ታዲያ ሁሌ ለምን ለሱ?» አለችና ወደ ሸራው በአገጯ ጠቁማ እጅጌዋን ሰብስባ ማጠብ ጀመረች። ሳህን ሳጥብ ሕመምተኛ ሆኜ እንደማጥብ፣ ስስል ግን ሕመሙ እያለም ሰው እንደምሆን ልነግራት ፈልጌ ነበር። ከሥራ ለመጣች ሴት ይህን መንገር ጭካኔ መሰለኝና ተውኩት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ የባለቤቴ የጽዋ ማኅበር ሰዎች ሊጠይቁኝ መንገድ ላይ እንደሆኑ ደወሉ። ለወራት ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን ስትሄድ «ባልሽስ?» ሲሏት «ከአልጋ መነሣት አልቻለም» እያለች ነው የከረመችው። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም። በእኛ ሰው ዘንድ ሕመምተኛ ማለት የተኛ ሰው ነው። ከቆመ ድኗል። ቆሞ ሥዕል ከሳለማ፣ ምስኪኗን ሚስቱን እያሠራ የሚጫወት ሰነፍ ነው።

«በል ቶሎ ተኛ፤ ታች ፓርክ እያደረጉ ነው» አለችኝ። ባንኮኒውን ወለወለች፤ ቀለሞቹን ሲንኩ ሥር ከተተች፤ ሸራውን ራሷ ወስዳ ቁም ሳጥኑ ኋላ ሸጎጠችው። ደህናዋ ሰዓት ገና መግባቷ ነበር። ለዚያች ቀን ብዬ ሐሙስንና ዓርብን ተኝቼ ጉልበት ሳጠራቅም ነበር የሰነበትኩት፤ ይኸው ብርድ ልብስ ተከናንቤ ጣራ ሳይ ልትሄድብኝ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኛ ቤት የተደበቀው ጤናዬ ነበር።

ብርቱካን፣ ጁስና ዳቦ ይዘው ገቡ። ወንበር ከወጥ ቤት ተሸክመው አልጋዬን ከበቡ፤ ለኮታቸው ቦታ ስለጠፋ እግሬ ላይ ከመሩት። «እግዚአብሔር ይማርህ» ተባልኩ። አንዱ ጎልማሳ፣ በተቀመጠበት ወገቡን እያጠማዘዘ፣ «ጂም ጀምር። ስትሬች ካደረግክ ይለቅሃል፤ እኔን አየኸኝ?» አለኝ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

የማኅበሩ ታላቅ የሆኑት እናት አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙና ሲያሻሹ ቆዩ። ድንገት ጥፍሬን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ኧረ በስመ አብ! ጥፍርህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠቆረው? ደምህ ነው የከዳህ?»

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ባለቤቴ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ከደም ዝውውር ነው» ብትል የሚጠራጠራት የለም፤ ስለ ሕመም ከሁላቸውም ይልቅ የምታውቅ እሷ ናት። እኔም እንደዚያ እንድትል ፈልጌ ነበር።

«ቀለም ነው፣ እማማ» አለች። «ይስላል።»

«ይስላል? እንዲህ ታሞ?»

«ታሞም ይስላል። ረፋድ ላይ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ይወድቃል። ሲወድቅ የማየው እኔ ነኝ።»

ባለ ጂሙ ጎልማሳ የኮቱን ክምር አየ። በኋላ እማማ «እስቲ አምጪው፣ እንየው» አሉ። ሻዩን አስቀመጠችና ሸራውን አውጥታ ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ከላይ የእሷ ፊት፣ ከሥሩ የተኛችው እሷ።

«አይ ልጄ!» አሉኝ እማማ። «ምነው እንዲህ አጎሳቆልካት? ይቺን የመሰለች ልጅ!»

ሰው ሳቀ፤ እኔም ልስቅ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

«አላጎሳቆለኝም፣ እማማ። ከሥራ ስገባ እንደዚህ ነኝ።»

እነዚህ ሰዎች ደህንነቷን በጠየቋት ቁጥር «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነበር መልሷ። እኔም አብሬ ስሰማው ኖሬአለሁ። እማማ ሸራውን ተቀብለው ለጎልማሳው ሰጡትና ባለቤቴን እጇን ስበው አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከኮቱ ክምር ጎን አስቀመጧት። «ምነው ሳትነግሪን?» አሏት። አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። እኔ ከዚያ በፊት ለምን እንደዚያ ይዤ እንዳላስቀመጥኳት ሳስብ ከጀርባዬ ሌላ የሚያመኝ ነገር አገኘሁ።

ሲሄዱ ተነሣሁ። ሰዓቷ አልቃለች፤ ግድግዳ ይዤ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። ሸራውን ባንኮኒው ላይ መልሳው ከፊቱ ቆማ ነበር። ሲንኩ በእንግዶቹ ብርጭቆ ሞልቷል።

«አልጨረስከውም» አለችኝ። «እጄ የታለ?»

ጭኗ ላይ እጇ መሆን በነበረበት ቦታ ግራጫ ቀለም ብቻ ነበር።

«ነገ እስለዋለሁ» አልኳት።

«ነገ ሳህን ታጥባለህ» አለች። «እጄን ከነገ ወዲያ።»