«ገባ» የማይጽፈው ዘበኛ

በጅማው የቡና መጋዘን በር ላይ የሚቆመው አዲሱ ዘበኛ ትከሻው ብቻ አንድ የበር መዝጊያ ያክላል፤ ግራ ጉልበቱ ግን አይታጠፍለትም። ሊቀጠር የመጣ ዕለት ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ለፈድሊያ ስድስት የሥራ ምስክር ወረቀት አስረክቧት ነበር። የስድስቱም ግርጌ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ይላል፤ በስድስቱም ሥራው «ጥበቃ» ነው።

«ጋሼ፣ ስድስት ቦታ ሲጠብቁ አንዱ ጋ እንኳ እንዴት አልቆዩም?» አለችው።

ዓይኑን ከጫማው ላይ ሳያነሳ፣ «ለኳስ ቡድናቸው ነው የቀጠሩኝ» አላት። «ተከላካይ ነበርኩ። ዘበኝነቱ ለወረቀት ያህል ነው። ጉልበቴ ሲደክም አንዱ ድርጅት ለሌላው ያሳልፈኝ ነበር።»

በወሩ የበሩን መዝገብ ስታገላብጥ ግራ ገባት። ከየቡ ከተማ ቡና ጭኖ የመጣ መኪና በበሩ ሲያልፍ ዘበኛው ሰሌዳውን መዝግቦ አጠገቡ «ገባ» ብሎ መጻፍ ነበረበት። እሱ ግን ከላይ እስከ ታች «ደረሰ»፣ «ደረሰ» እያለ ሞልቶታል።

«ምነው ጋሼ፣ ‹ገባ› ነው እኮ የሚባለው» አለችው።

ቆቡን አውልቆ በመዳፎቹ መሀል አሸት አሸት አደረገው።

«ያ ፈድሊያ፣ በስድስት ከተማ ሜዳ ሙሉ ሰው ‹ገባ!› እያለ ጮሆብኛል። እሷን ቃል ደግሞ በእጄ አታስጽፊኝ።»

ፈድሊያ መጠየቋ አሳፈራት፤ መዝገቡን ዘጋችው። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ዘበኛው እያነከሰ ሄዶ በሩን ከፈተና፣ ኳስ እንደሚከላከል ሁሉ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ በበሩ መሀል ቆመ። ሾፌሩ ሳቀበት። ያኔ እጆቹን ሰበሰበ፤ ፊቱንም ወደ ግንቡ አዙሮ መኪናውን አሳለፈው።