የዘውዴ ሙሾ በጊታር

ፈንታነሽ ከጋፋት በባጃጅ ተጭና ደብረ ታቦር የገባችው ጊታር ልታይ አልነበረም። ጊታር ምኗ ነው! የሟቹ ዘፋኝ የበላይነህ መታሰቢያ ዐውደ ርእይ ተከፍቶ የመጀመሪያ ካሴቱን ያሰማሉ ሲባል ሰምታ ነው። በዚያ ካሴት ውስጥ የልጄ ስም አለ ብላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ዘውዱ በባድመው ጦርነት ቀርቶ መርዶው የመጣ ጊዜ፣ አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፣ ጋቢውን ዘርግተው አለቀሱለት። ፈንታነሽም ደረቷን እየደቃች፣

«የጋፋትን መንገድ ደረቀ ይሉኛል፣
ዘውዴ ካልመጣበት ምን ያደርግልኛል»

ብላ ሙሾ አወረደች። ለቀስተኛው ተቀብሎ ተላቀሰ። ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ግን የሰፈሩ ልጅ፣ ያኔ ገና ጊታር መነካካት የጀመረው በላይነህ ነበር። ጉልበቷን ስሞ፣ «እትዬ፣ እስቲ ይድገሙልኝ፤ የዘውዱን ስም አገር እንዲጠራው አደርጋለሁ» አላት። ደገመችለት። ለምን ትከልክለው? ባገሩ ወግ ሙሾ ባለቤት የለውም፤ የሰማ ሁሉ ይቀበለዋል። የሟች ስም ግን አይነካም። ያንን የሚደፍር ሰው ይኖራል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ዓመት ሳይሞላ ዘፈኑ ወጣ። ሮክ ነው አሉት፤ ጊታሩ ይጮኻል፣ ወጣቱ ይዘላል። በዘውዴ ቦታ «ማሬ» የምትባል ኮረዳ ገብታለች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ከዚያ ወዲህ በሚኒባሱም በሰርጉም ማሬ፣ ማሬ ሆነ። ፈንታነሽ ግን፣ «ከተማ ሲሄድ ለውጠውበት ነው እንጂ መጀመሪያ በቀዳው ካሴት ላይስ ሳይጠራው አይቀርም» እያለች ስትከላከልለት ኖረች። የዋህ!

አዳራሹ ውስጥ ጊታሩ መስታወት ተዘግቶበት ቆሟል። የቆዳ ጃኬቱ፣ ጫማው ሳይቀር በክብር ተቀምጧል። የዘውዱን ጋቢ ግን እቤት አይጥ በልቶ ጨርሶታል።

«ያን ጊዜ ለቅሶ ቤት ጭቃ ያገባው ጫማ ይሄ ይሆን?» አለች አብራት የመጣችው ጎረቤቷ ትርንጎ። ፈንታነሽ አልሳቀችም።

አስጎብኚዋ ካሴቱን ከፈተች። ፈንታነሽ ወደ ድምፅ ማጉያው ተጠጋች። ጊታሩ ጮኸ፤ «ማሬ ካልመጣበት...»

«ይህን የደረሰው በፍቅር ሲቃጠል ነው» አለች አስጎብኚዋ።

«ውሸት!» ብላ ጮኸች ፈንታነሽ። «የምን ፍቅር? የለቅሶ ነው! የልጄ ነው! ያወረድኩት እኔ ነኝ!»

አስጎብኚዋ ክፉ አልነበረችም፤ ቴፑን አጠፋችና፣ «እንግዲያው እማማ፣ እርስዎ ይበሉልን» አለቻት። ስልኩን ያወጣም አወጣ።

ይህችን ቀን ነበር ስትጠብቅ የኖረችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን ደቃች።

«የጋፋትን መንገድ ደረቀ ይሉኛል፣
ማሬ ካልመጣበት...»

ክው አለች። እንደገና ጀመረች። አሁንም ምላሷ ላይ የመጣችው ያቺው ማሬ ናት። ስንት ዘመን ሲደልቁባት ኖረው የእሷኑ አፍ አስለምደውታል። የከበቧት ወጣቶች ዘፈኑን የምታቀነቅን መስሏቸው፣ «ምን ያደርግልኛል!» ብለው ባንድ ድምፅ ጨረሱላትና አጨበጨቡ።

ፈንታነሽ የትርንጎን ክንድ ጨብጣ ያዘች።

«አንቺ፣ ከአፌም ወሰደብኝ» አለቻት።