ለእኔ እግር የተለካው ወለል

በጽሑፍ እንዲቀር የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ በእኔ እግር ተለክቶ በተሠራ የአውሮፕላን ወለል ላይ ከእኔ በፊት ሩዝ በረረ። ከሩዙ ቀጥሎ ጎረቤታችን በረረ። እኔ አጥር ይዤ ቆሜ አየሁ።

አውሮፕላኑን የሠራው አማቼ፣ የልጄ ባል ነው። ዳላስ አጠገብ፣ ሳክሲ ካለው ቤታችን ጋራዥ መኪኖቹን አስወጥቶ ለበረዶ አጋለጣቸውና ክንፍ የሌለው ነገር አስገባበት። እኔ ሦስት ዶሮ ላርባ ብዬ ብጠይቅ የሰፈሩ ደንብ አይፈቅድም ተባልኩ። ደንቡን አንብቢልኝ ብዬ ልጄን ያዝኳት። አነበበችልኝ፤ እውነትም ስለ ዶሮ ይናገራል፣ ስለ አውሮፕላን ዝም ይላል።

ወንበሩ ሁለት ነው። ልጄ ገና ከጅምሩ እዚያ ውስጥ አልቀመጥም ብላ ምላለች። ስለዚህ ወለል የሚሠራበት ጊዜ ደርሶ፣ በቀኙ ወንበር ተቀምጦ እግሩን የሚያስለካ ሰው ሲፈለግ የተገኘሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ካርቶን ቆርጦ ከእግሬ ስር አስገባ። እግሬ አጭር ስለሆነ አልደረሰም፣ አየር ላይ ተንጠለጠለ። በእኔ በኩል ያለው ወለል ከፍ ይበል ተባለ። ካርቶኑን አነሳው፣ በእርሳስ የእግሬን ዙሪያ አሰመረና «እማማ፣ ይሄ የአንቱ ቦታ ነው» አለኝ። ይህን ቃሉን ያዙልኝ።

ከዚያ በካርቶኑ ልክ ኮምፔርሳቶ ቆረጠ። አስገባው፣ አልገባም። አወጣው፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ እንደገና አስገባው። እኔ በዚያ የጋራዥ ሙቀት ስወጣና ስገባ እንደ እንፋሎት ዳቦ በሰልኩ። ልክ ገባ ስል ደግሞ ክብደት ልቀንስ ብሎ በክብ በክብ በሳው። «ወንፊት ላይ ነው የምታስቀምጠኝ?» አልኩት። ሽንኩርት በምመዝንበት ሚዛን ወለሉን መዘነ፣ ቀጥሎ ጫማዬን መዘነ። ወደ እኔ ዞር ሲል ፊቴን አየና ተወው።

በሙጫ አጣብቀውና እንገላገል ብለው ደግሞ እምቢ አለ። ከስሩ የመሪው ሽቦዎች ስላሉ በየጊዜው ተከፍቶ መታየት አለበት፣ በብሎን ነው የሚታሰረው አለኝ። ካቻቢቴ የያዘ ሰው ሁሉ ሊፈታው ይችላል ማለት ነው። ይህንንም በልቤ ያዝኩ።

አንድ ቅዳሜ እኔ ተቀምጬ ሳለ ወለሉን አውጥቶ፣ ብሎን ሊገዛ ሄደና ረሳኝ። ከስሬ ያለው ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ብረግጠው እቀደዋለሁ። እግሬን ሰብስቤ፣ ሻርፔን ተከናንቤ፣ ክንፍ በሌለው አውሮፕላን ውስጥ ቁጭ አልኩ። የጋራዡ በር ክፍት ነው። እቃ የሚያደርሰው ሰውዬ መጣ፣ አየኝ፣ እቃውን መሬት አስቀመጠና እጁን አውለበለበልኝ። መልካም መንገድ የሚለኝ ይመስላል። እኔም አውለበለብኩለት፤ ምን ላድርግ?

አውሮፕላኑ አልቆ ወደ ትንሹ ማረፊያ ሲወሰድ አዲስ ሻርፕ አወጣሁ። አማቼ ግን የሙከራው በረራ እስኪያልቅ ሰው መጫን አይቻልም፣ ሕግ ነው አለ። ሕግ ለሁሉም እኩል ከሆነ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ሰው የተቀመጠ ያህል እንዲከብድ ብሎ ከኩሽናዬ ሩዝ በጆንያ ወሰደና ወንበሬ ላይ በቀበቶ አሰረው። ሩዙ ሰማይ ዞሮ ተመለሰ። ማታ ከዚያው ሩዝ ቀቅዬ አቀረብኩላቸው፤ ዳላስ ከላይ ስትታይ ምን እንደምትመስል እሱን ጠይቁት አልኳቸው።

ከዚያ ሰው መጫን ተፈቀደ ሲባል ሰማሁ። ጠዋት ከልጄ ጋር ሄድን። አጥሩ ጋ ስንደርስ ወንበሬ ላይ ጎረቤታችን ተቀምጧል። ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፣ የእኔን እጥፍ የሚሆን ነጭ ሽማግሌ። ወለሉ ለእኔ ተብሎ ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። እንዲያም ሆኖ ወጣ፣ ዞረ፣ ወረደ።

ወንዶቹ ጥላ ስር ውሃ ሲጠጡ ካቻቢቴ አነሳሁና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። አማቼ የማጸዳ መስሎት ከሩቅ ሆኖ «እማማ፣ አይልፉ» ይለኛል። ወለሌን በነጠላ ጠቅልዬ መኪና ውስጥ አስገባሁ። ቤት ስደርስ አልጋዬ ስር አስተኛሁት።

ያለዚያ ወለል ማንም በዚያ ወንበር አይሄድም። ስለዚህ አማቼ ሽማግሌ ላከብኝ። ሰው ሚስቱ ስትኮርፍ ሽማግሌ ይልካል፣ እሱ ለኮምፔርሳቶ ላከ። ሁለቱም እንደ እኔ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የሜስኪት ታክሲ ነጂ፣ ሌላው የቤድፎርድ ነጋዴ። ጎረቤታችንም ነገሩ ይመለከተኛል ብሎ አብሮ መጣ። ወለሉን አምጥቼ ምንጣፉ ላይ፣ መሀላቸው ዘረጋሁት።

ነጋዴው አየት አደረገውና ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ፣ በመሬት ድንበር የተጣላ አስታርቄአለሁ፣ ሰማይ ላይ ያለ ድንበር ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው አለ። ታክሲ ነጂው ለመኪናው ይሆን እንደሆነ በእግሩ ሞከረው፤ ውረድ አልኩት። ከዚያ እሱ ይቅርታ ይጠይቅ፣ እርስዎም ወለሉን ይመልሱ ብለው ፈረዱ።

ይቅርታው ከጥያቄዬ በኋላ ይምጣ አልኩ።

«በእኔ እግር ለክተህ ስታበቃ ለምን ሩዝና ጎረቤት አስቀደምክ?»

«እማማ፣ ሩዙ ቢወድቅ ሌላ ሩዝ ይገዛል።»

«ጎረቤትህስ? እሱም ከሱቅ ይገዛል?»

ጎረቤትዬው ምን አለች ብሎ ልጄን ጠየቃት፣ አንድም ሳታስቀር ተረጎመችለት። ሚስቴም ልክ ይህንኑ ነው የጠየቀችኝ አለና ከእኔ ጋር ሆኖ አማቼን ማየት ጀመረ። ሽማግሌዎቹም ወደ እሱ ዞሩ።

አማቼ ወለሉን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገው። ከካርቶኑ ያዛወረው የእግሬ ስዕል ከቫርኒሹ ስር ይታያል፤ በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረገው።

«እማማ፣ በራሴ እጅ በሠራሁት ነገር ሰው ይዤ ወጥቼ አላውቅም ነበር» አለኝ። «አንቱን ይዤ ስነሳ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ፣ መጀመሪያ በእሱ ላይ ተንቀጥቅጬ ጨረስኩ።»