የአብዲ ሌላኛው ዓይን

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ስቱዲዮዬ ገብታ ስልኳን ዘረጋችልኝ። አብራት የመጣችው አሮጊት ሙቀቱ አድክሟት በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ስልኩ ላይ ያለው የአንዲት ሴት ፎቶ ነው፤ ግማሽ ፊቷ በርቷል፣ ግማሹ ጨለማ ውስጥ ነው።

«እንዲህ አድርገሽ ማንሳት ትችያለሽ?» አለችኝ ልጅቷ።

ሳቄ መጣ። ይሄን መብራት ድሬዳዋ ላይ የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ለዚያውም የሰው ሠርግ ላፈርስበት ትንሽ ሲቀረኝ። ቁጭ በይ ልንገርሽ አልኳት።

ከአርባ ዓመት በፊት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዚሁ ቤት፣ በጋሽ ምናሴ ስር ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ጋሽ ምናሴ (ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይሆንልን «አንተ» ነበር የምለው) አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፦ ሁለት መብራት ፊት ለፊት፣ ሁለት ጆሮ በግልጽ። ሙሽራውም ነጋዴውም ለመታወቂያ የተነሳ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ቀፊራ ገበያ ከሙን ስገዛ፣ ነጋዴዋ የጠቀለለችልኝ ከአሮጌ የሥዕል መጽሐፍ በተገነጠለ ወረቀት ነበር። አንድ ሽማግሌ ተስሎበታል። ብርሃኑ ከጎን መጥቶ ግንባሩንና አንድ ጉንጩን ብቻ ይነካል፤ የቀረው ጥቁር ነው። በጥቁሩ ውስጥ ያለው ዓይን ግን እንደሚያየኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ወረቀቱን ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ግንቦት ስለነበር፣ ሙቀቱ በጠና ቁጥር ቤቱ ከሙን ከሙን ይሸት ነበር። ጋሽ ምናሴ አየት አደረገውና «ይሄን የሳለው ሰው መብራት ጠፍቶበት ነው» አለ።

አብዲ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ረጅምና ዝምተኛ። ቢዮ አዋሌ መንደር ያለች ፋጡማ የምትባል ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ ቤተሰቦቿ ፎቶውን ጠይቀዋል። ጋሽ ምናሴ ለምሳ ወጥቷል። አንዱን መብራት አጠፋሁ፣ ሌላውን ወደ ጎን ገፋሁት። አብዲ ፎቶውን ሲያይ «ይሄ እኔ ነኝ?» አለ። ደስ ብሎት ላከውና ወደ ጅቡቲ ወጣ።

በሳምንቱ የፋጡማ አጎት ፎቶውን ይዞ ከተፍ አለ። ማህተማችን ከጀርባው ነበር።

«ወላሂ እውነቱን ንገሪኝ፣ ይሄ ልጅ ዓይኑ ስንት ነው?»

«ሁለት!»

«ታዲያ አንዱን ለምን ደበቃችሁት? እናቷ ‹ጤነኛ ዓይን ጨለማ ውስጥ ምን ይሠራል› ብላ ስታለቅስ አደረች። ሌላውን እስከ ጁምዓ ካላየን የምንሰጠው ልጅ የለንም።»

ወደ ሥዕሉ ወስጄ ስለ ብርሃንና ጥላ አስረዳሁት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ አየና «ይሄም አንድ ዓይና ነው» ብሎ የአብዲን ፎቶ ይዞ ተመለሰ።

ጋሽ ምናሴ አልጮኸብኝም፤ የፈራሁትም ለዚያ ነው። «አቦ፣ የሰው ትዳር ነው! ከፈረሰ ሁለተኛ ካሜራ አትነኪም» አለኝ። ሙሽራው ራሱ ሄዶ እዩኝ ማለት ነውር ስለሆነ ያለን ተስፋ ሌላ ፎቶ ብቻ ነው። አብዲ ሐሙስ ከሰዓት የመንገድ አቧራውን ሳያራግፍ ደረሰ። ነገሩን ስንነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ «እሷን ካጣሁማ…» ብሎ ሳይጨርስ ተቀመጠ። አንጀቴን በላው፣ በራሴም አፈርኩ። ጋሽ ምናሴ ሁለቱንም መብራት ለቀቀበት፤ ሁለት ዓይን፣ ሁለት ጆሮ። ፎቶውን እኔው አጥቤ ወደ ቢዮ አዋሌ ለሚሄድ መኪና ሰጠሁ።

ጁምዓ ማታ እሺታው መጣ። በማግስቱ አብዲ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ አንድ ትሪ ይዞልን ገባ። ጋሽ ምናሴ ከጣቱ የሚንጠባጠበውን ስኳር እየላሰ «አየሽ፣ ጆሮ ነው ትዳር የሚያቆመው» ሲል እኔም ሳቅሁ፤ ወረቀቴን ግን ከግድግዳ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት። ተሸነፍኩ እንጂ አልተሳሳትኩም ብዬ ነበር።

ይሄን ለልጅቷ አውርቼ ስጨርስ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠችው አሮጊት ቦርሳዋን ከፈተች። በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ፎቶዎች አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሁለቱም የአብዲ ናቸው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አይቻት የማላውቃት ፋጡማ እሷ ናት። ሁለት ጆሮ ያለው ፎቶ ዛሬ የታጠበ ይመስላል። ግማሹ የጨለመው ግን ጠርዙ አልቋል፣ መሃሉ በፕላስተር ተጣብቋል፣ ከመዳሰስ ብዛት ወዙ ጠፍቷል።

«አብዲ መንገድ በወጣ ቁጥር የማየው ይሄኛውን ነው» አለችኝ። ንጹሑን በጣቷ ገፋ አድርጋ «ያኛው ለእናቴ ነው» አለች።

ጋሽ ምናሴ ይሄን ሳይሰማ ማለፉ ቆጨኝ። ለእናቶች የሚሆን ብርሃን እንዳለ እሱ አስተምሮኛል፤ ሌላውን ደግሞ ቢኖር እኔ አስተምረው ነበር። የልጅ ልጇን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና አንዱን መብራት አጠፋሁ።